ዘጠና ሰባት ከመቶ

እትዬ ሚዛን የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላት አሁን የሚያስታውስ ሰው የለም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ላብራቶሪው ውስጥ በቴክኒሻንነት ስትቀጠር ወላጆቿ ያወጡላት ስም ነበራት፤ ያ ስም ዛሬ የቀረው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ አንዳች ነገር ከማስቀመጧ በፊት ሳህኑን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፤ የመስታወት በሩን ትዘጋለች፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ትንፋሿን ውጣ ትቆያለች። አንዱ ቀልደኛ ይህን አይቶ "እቺ ሴትዮ ሚዛን አግብታለች" አለና ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልነበረም። ባል አላገባችም፤ አልወለደችም። የታመሙ እናቷን ስታስታምም ዓመታቱ ሳይታወቋት ሾልከው ሄዱ። እናትየው ካረፉ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ታላቅ ወንድሟ በሌላ ከተማ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ ሲደውል "ደህና ነሽ?" ይላታል፤ "ደህና ነኝ" ትለዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል። አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ከአፏ የሚወጣው ቃል ለባለሱቁ የምትለው "ግማሽ ዳቦ" ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ዘበኛውን "እንደምን አደርክ" ልትለው ስትል ድምፅዋ አልወጣ ብሎ ጉሮሮዋን ሁለቴ መጠራረግ ነበረባት። ዘበኛው ጉንፋን የያዛት መስሎት "ትኩስ ነገር ጠጪ" ብሎ መከራት።

ሐሙስ ግን የተለየ ቀን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ፕሮፌሰሩ ቤት ትሄዳለች። ፕሮፌሰሩ የላብራቶሪው የቀድሞ ኃላፊና የእሷም የብዙ ዓመት አለቃ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣም፣ ዓይናቸውም ከትልልቅ ፊደል በቀር አያነብላቸውም። የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ አዳዲስ የምርምር መጽሔቶችን ይዛ ትሄዳለች፤ ሻይ አፍልታ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ጸሐፊው እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ይከራከሩታል።

"ቁጥሩን ከየት አመጣው? ድገሚልኝ እስቲ! ውሸታም!"

እሷም ትስቃለች። በሳምንት ውስጥ የምትስቀው ያኔ ነው።

ከወንበራቸው በላይ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጠ አንድ ገጽ ተሰቅሏል። የጥናት ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ከርዕሱ በታች ሁለት ስም ታትሟል፤ የፕሮፌሰሩና የእሷ። መታወቂያዋ ላይ የቀረው ያ ስም በሕትመት የታየው እዚያ ብቻ ነው።

ጽሑፉ የሚናገረው ውሃ ተጠጥቶባቸው ስለሚጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ነው። ጠርሙሱ ሲሠራ ትንንሽ ዘለበቶች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ጠርሙሱን እንደ ጥፍር አድቅቀው ከትፈው፣ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲያፈሉት ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ፈሳሹን አጣርተው አሲድ ሲያንጠባጥቡበት ደግሞ ጠርሙሱ መጀመሪያ የተሠራበት ነጭ ዱቄት እንደ እርጎ ረግቶ ይወጣል። ጥያቄው ስንት ይወጣል ነው። የዚህ መልስ ከሙከራው በፊት በእርሳስ ይሰላል። አንዱ ዘለበት በኬሚስቶች መለኪያ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ይመዝናል፤ ከእሱ የሚገኘው የዱቄት ቅንጣት አንድ መቶ ስድሳ ስድስት። ስለዚህ አሥር ግራም ፕላስቲክ የገባበት ብልቃጥ፣ አንዲት ፍንጣሪ ሳትባክን፣ ስምንት ነጥብ ስድስት አምስት ግራም ዱቄት መስጠት ይገባዋል። የስሌት ምርት የሚሉት ይህ ነው፤ ወረቀት ላይ እንጂ በማንም እጅ ገብቶ የማያውቅ ቁጥር። በእውን የተመዘነው ለእሱ ተካፍሎ ከመቶ ስንት እንደተገኘ ይጻፋል።

ፕሮፌሰሩና እትዬ ሚዛን የጻፉት ዘጠና ሰባት ከመቶ ነበር። ይህን ያህል ያገኘ ሰው አልነበረምና ላብራቶሪው በዚሁ ቁጥር ስም አወጣ። እንግዳ ሲመጣ "ዘጠና ሰባት የተገኘው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው" ተብሎ ይነገረዋል።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ተማሪ በኩል ነው። የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሳይሆን አናቷ ላይ አድርጋ "መነጽሬን ያየ አለ?" እያለች የምትዞር፣ አፈ ፈጣን፣ ሥራዋ ላይ ግን ጠንቃቃ። ሰንሰለቱን በዝቅተኛ ሙቀት የሚበጥስ አዲስ መንገድ አግኝታለች። ፈታኞቿ ግን "መጀመሪያ የቀድሞውን ዘጠና ሰባት ደግመሽ አሳዪን፤ ከዚያ ያንቺን እናያለን" አሏት። እሷም ደገመችው። ሰማንያ አንድ ወጣ። ደገመችው። ሰማንያ። ዘጠኝ ጊዜ ሞከረች፤ አንዴም ከሰማንያ ሁለት አላለፈችም።

የክፍሉ ኃላፊ ከፕሮፌሰሩ ቀጥሎ የተሾመ፣ ሁሌም ወደ ስብሰባ የሚጣደፍ ሰው ነው። ውጤቷን በቁሙ አየና "እጅሽ ነው" አላት። "እጅሽ ገና አልበሰለም። ሰኞ ፈታኞቹ ፊት ትቀርቢያለሽ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ሌላ ርዕስ ብትፈልጊ ነው የሚሻለው።"

ሦስት ዓመት የደከመችበትን ትተሽ ሌላ ርዕስ ፈልጊ ሲሏት ቅስሟ ተሰበረ። ኃላፊው ሲወጣ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆማ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ልቅሶዋ እንዳይሰማ ነበር። እትዬ ሚዛን ግን ሰማች።

"እትዬ፣" አለቻት ተማሪዋ ፊቷን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች፣ "አንድ ቀን ብቻ አጠገቤ ቆመው ይዩኝ። ምን እንደማጠፋ ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እትዬ ሚዛን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀኑን ሙሉ አየቻት። ልጅቷ ስትከትፍ፣ ስትመዝን፣ ስታፈላ አየቻት። ሳህኑን በብሩሽ ጠረግ ስታደርግ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንፋሿን ስትይዝ ስታይ የራሷን እጅ ያየች ያህል ተሰማት። እንከን የምትለው ነገር አጣች። በመጨረሻ ዱቄቱ ማጣሪያው ላይ ሲቀር ልጅቷ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ከሦስተኛው እጣቢ ትንሽ ወስዳ፣ ጨው ሲያገኝ የሚነጣ ፈሳሽ ከያዘው ጥቁር ጠርሙስ ሁለት ጠብታ ጨመረችበት። ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታጥቢው?" አለች እትዬ ሚዛን።

"ጠብታው ማንጣቱን እስኪያቆም ድረስ።"

"ለምን?"

"እንዴ እትዬ! ጨዉ እንዲወጣ ነዋ። ሶዳውና አሲዱ ሲገናኙ ጨው ይሆናሉ፤ ያው ምግብ ላይ የምንነሰንሰው። ካላጠብኩት አብሮ ይመዘናል።"

ይህን እትዬ ሚዛን ለስንት ተማሪ አስተምራዋለች። ከልጅቷ አፍ ስትሰማው ግን ልቧ ድንግጥ አለ፤ ምክንያቱን ወዲያው አላወቀችውም። "ጎበዝ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም" ብላት ተነስታ ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄደች።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተጻፈው የሙከራ ደብተር ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተገኘ። የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው። ቀኑን አየችው፤ ባታየውም ታውቀዋለች። ሙቀቱ ተጽፏል፤ ሰዓቱ ተጽፏል። ከዚያ አንድ አጭር መስመር አለች፦ "ታጠበ — 1 ጊዜ።" ከእሷ በታች በፕሮፌሰሩ እጅ "8.39 ግራም" የሚል አለ።

ያን ቀን እናቷ ሆስፒታል ነበሩ። ከቀትር በኋላ የላብራቶሪው ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፦ "ቶሎ ነይ። ኦፕራሲዮን ሊያስገቧት ነው፤ እሷን ሳላይ አልገባም ብላለች።" ዱቄቱ ማጣሪያው ላይ ነበር። አንዴ ውሃ አፈሰሰችበት። ለሁለተኛው ብልቃጡን አንስታ ትንሽ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። ያደረገችውን እንዳደረገችው ደብተሩ ላይ ጻፈች፤ ዱቄቱን ማድረቂያው ውስጥ ከታ እየሮጠች ወጣች። በማግስቱ የመዘኑት ፕሮፌሰሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን እናቷ አረፉ።

ከሐዘን ስትመለስ ፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። "ዘጠና ሰባት!" አሏት እጇን ይዘው። "ስምሽን ከስሜ ጎን አስገብቼዋለሁ።" በዚያ ዓመት ከዚህ ሌላ ደስ የሚል ነገር አልገጠማትም። በኋላ ሙከራውን ሁለቴ ደገመችው፤ በደንብ አጥባ። ሰማንያ አራትና ሰማንያ ሁለት ሆነ። "ወረደብኝ እኮ" ብትላቸው "ሐዘን ላይ ነሽ፤ እጅሽ ከልብሽ ጋር አይደለም። ትክክሉ የመጀመሪያው ነው" አሏት። እሷም ተቀበለች።

አላወቅሁም ነበር ማለት ትችላለች። ግን ደብተሩን ይዛ መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ ከራሷ ጋር ብቻ ስለነበረች፣ እንዲያ አላለችም። ያኔም ውስጧን አንድ ነገር ከንክኗት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው የኖረችው።

በጥርጣሬ ብቻ ሰው ፊት መቆም ልማዷ አልነበረም። የናሙና ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከኋላኛው ረድፍ ያን ጊዜ የተቀመጠችውን ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፤ ክዳኑ በሰም ታሽጓል። ከውስጡ አንድ ግራም መዝና በትንሽ የሸክላ ጽዋ አድርጋ የሚነድደው ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ንጹሕ ዱቄት ቢሆን ተንኖና ነድዶ ምንም ባልቀረ ነበር። ጨው ግን አይነድም። ሲቀዘቅዝ አወጣችው። ከታች አንድ ነጭ ነገር ተጋግሯል። መዘነችው፤ ነጥብ አንድ አምስት። ከእሱ ቁንጥር ወስዳ በውሃ ካሟሟችው በኋላ ከጥቁሩ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ ጣል አደረገችበት። ውሃው እንደ ወተት ነጣ።

እርሳስ አንስታ አሰላች። ከስምንት ነጥብ ሦስት ዘጠኝ ውስጥ ጨዉ አንድ ነጥብ ሁለት ስድስት ነው። የቀረው ለስሌት ምርቱ ሲካፈል ሰማንያ ሁለት ከመቶ። ልጅቷ ያገኘችው ማለት ነው።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። ማግስቱ ሐሙስ ነው።

ፕሮፌሰሩ እንደወትሮው በሩን ክፍት ትተው ጠበቋት። "ዛሬ ምን ይዘሽልኛል?" አሉ። ሻይ አላፈላችም፤ ወንበሯንም አላስጠጋችም። እንደቆመች ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ አንዴ ብቻ መታጠቡን፣ ምድጃውን። ስትጨርስ የፕሮፌሰሩ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ እያሰሉ ነው።

"ስንት ቀረ አልሽኝ?"

"ነጥብ አንድ አምስት።"

"ሰማንያ ሁለት፣" አሉ።

"አዎ።"

"ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ነገ ለኃላፊው እናገራለሁ። ልጅቷ ሰኞ ትቀርባለች። ባልሠራችው ጥፋት ከርዕሷ ሊያስወጧት ነው።"

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ዘርግተው የወንበሩን መደገፊያ ዳበሱ። "ከእኔ በኋላ ቢሆንስ?" አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሽማግሌ ድምፅ መሰላት። "ሩቅ አይደለም እኮ። ልጅቷን በሌላ መንገድ እንረዳታለን። እደውላለሁ፤ እኔ ስናገር ይሰሙኛል።"

እሺ ብትል የሚመጣው ሐሙስ እንደወትሮው ይሆናል፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ይህን አሰበች፤ አላሰበችም ማለት አይቻልም።

"ሰኞ ነው የምትቀርበው፣ ፕሮፌሰር።"

"እንግዲያው ልታስፈቅጂኝ አልመጣሽም።"

"ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ።"

"ነገርሽኝ፣" አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆማ ጠበቀች። ሳይዞሩ፣ "ከእንግዲህ ባትመጪ ይሻላል" አሏት።

መጽሔቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደረጃው መሐል ስትደርስ ማን እንደሚያነብላቸው ትዝ አላትና እጇን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፋ ቆመች። ለመመለስ ዳድቷት ነበር፤ ግን አልተመለሰችም።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋው። "እትዬ ሚዛን፣ እኔን በደንብ ያዳምጡኝ። ይሄ ቁጥር የክፍሉ ስም ነው። ልጅቷን ዝም ብዬ አሳልፋታለሁ፤ ፈታኞቹንም አነጋግራለሁ። ለምንድን ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈውን ነገር የምንቆፍረው?"

እትዬ ሚዛን ከቦርሳዋ የሸክላ ጽዋውን አውጥታ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠችለት። "ይሄን ከቀረው ናሙና እርስዎ ራስዎ ይድገሙት፣" አለችው። "እኔ የእርማት ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ፊርማዬ አለበት። የፕሮፌሰሩ ፊርማ ነው የቀረው።"

ኃላፊው ጽዋው ውስጥ አየ፣ እሷን አየ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዴም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። አሁንም ከፍ አላደረገችም። ተነፈሰና ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጣት፤ "ፕሮፌሰር ቤት ይዘሽ ሂጂ። ካልፈረሙም አልፈረሙም።"

ተማሪዋ ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም። "ዘጠኝ ጊዜ፣ እትዬ! ዘጠኝ ጊዜ እጄን ስረግመው!"

"እጅሽን ይቅርታ ጠይቂው። እኔ ነኝ አሥራ ሁለት ዓመት ዓይኔን በጨው አጥቤ የኖርኩት።"

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠና እትዬ ሚዛን አንገት ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ሚዛን እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት። ሰው ካቀፋት ስንት ጊዜዋ ነው። በመጨረሻ የልጅቷን ጀርባ ቀስ አድርጋ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚነካ ሰው፣ መታ መታ አደረገችው።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ ፈርመዋል። ፊርማው ወደ ጎን ያዘመመ፣ መስመሩን የሳተ፣ የማያይ ሰው ፊርማ ነው። ጸሐፊዋ እንዳለችው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብበዋታል፤ ከዚያ "ጥፋቱ የቴክኒሻኗ ብቻ ነው" የሚለውን አስሰርዘው በቦታው እንዲህ አስጽፈዋታል፦ "ኋላ የተደገሙት ሁለት ሙከራዎች ሰማንያ አራትና ሰማንያ ሁለት መስጠታቸው ያኔ ተነግሮኝ ነበር። ያልጻፍኳቸው እኔ ነኝ።"

"ሌላ ምን አሉ?" አለች እትዬ ሚዛን።

"ምንም። በሩን ዝጊው ብቻ አሉኝ።"

ኃላፊው ደብዳቤውን ለፈታኞቹ አነበበው። ተማሪዋ መነጽሯ አናቷ ላይ እንደሆነ ወጥታ ሥራዋን አቀረበች፤ አለፈች። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ልትሰናበት ስትመጣ እትዬ ሚዛንን ፎቶ አነሳቻት፤ "እጽፍልዎታለሁ" አለች፤ አንድ ጊዜም ጻፈች። የእርማቱ ደብዳቤ ታተመ። እንግዳ ሲመጣ ኃላፊው አሁን ቶሎ ብሎ ወደ አዲሱ ማሽን ይወስደዋል። ባልደረቦቿ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ግን ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬያቸው ዝቅ ይል ጀመር፤ እሷም ሻይዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ መመለስ ለመደች።

ደብዳቤው ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያዋ ሐሙስ እግሯ ከልማዱ ወደ ፕሮፌሰሩ ቤት ወሰዳት። ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። ውስጥ ወንበር ሲንሸራተት ሰማች፤ በሩ ግን አልተከፈተም። "ደህና ነዎት ወይ?" አለች በበሩ በኩል። ከጎረቤት በር አንዲት ሴት ብቅ ብላ "የወንድማቸው ልጅ ነች አሁን የምታነብላቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች" አለቻት። ይህን መስማቷ ደስ አላት፤ ደስ መሰኘቷም አመማት። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ የሚሠራ ነገር ትፈልጋለች፤ የታጠበ ብልቃጥ ደግማ ታጥባለች፤ ስሙ የተጻፈበት ጠርሙስ ላይ አዲስ ወረቀት ትለጥፋለች። ቤቷ ስትገባ ገና ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሳይጠፋ ቤት መግባቱ ነበር ከሁሉም የከበዳት።

እንዲህ ሆኖ አምስት ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለች ስልኳ ጠራ። ሰላምታ የለ፣ "እንደምን ነሽ" የለ።

"አሥራ ስምንቱ የት ሄደ?" አለ የፕሮፌሰሩ ድምፅ።

"ምን አሉኝ?"

"ሰማንያ ሁለት ተገኘ። ጥሩ። አሥራ ስምንቱስ? ጠፋ ማለት መልስ አይደለም። መጀመሪያ ስናጣራ ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን ነገር መዝነን እናውቃለን?"

አሰበች። አሠራሩ ላይ "ይጣላል" ነው የሚለው፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የጻፉት። "አናውቅም፣" አለች።

"እኔም ሌሊቱን ሳስበው አናውቅም። መዝኚው።"

"አሁኑኑ እሠራዋለሁ። ሲደርስ ይዤው ልምጣ?"

"በስልክ ንገሪኝ፣" አሉና ዘጉት።

አዲስ ጠርሙስ ከትፋ አሥር ግራም መዘነች። አፈላች፤ አጣራች። ማጣሪያው ላይ የቀረውን ያልተበጠሰ ፕላስቲክ አጥባ ለብቻው አደረቀችው፤ ዱቄቱንም ጠብታው ማንጣቱን እስኪያቆም አጥባ አደረቀችው። በማግስቱ ሁለቱንም መዘነች። ዱቄቱ ሰባት ግራም፤ ያልተበጠሰው አንድ ነጥብ ሦስት። ስታሰላው አንድ ነገር ታያትና ወረቀቱን ገልብጣ እንደገና ሠራችው። ያው ነው። ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ ልትዘጋው ስትል ተነሳ።

"አንድ ነጥብ ሦስት ግራም ሳይበጠስ ይቀራል፣" አለች። "የቀረው አምስት ስድስት ከመቶ የእጅ ብክነት ነው። ግን ፕሮፌሰር፣ ያልተበጠሰውን ቀንሰን ከተበጠሰው ብቻ ብናሰላው... ዘጠና ሦስት ይሆናል።"

"ዘጠና ሦስት፣" አሉ። ቁጥሩን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው የቀመሱት ይመስል ቆዩ።

"እንደሱ አድርገው የሚጽፉም አሉ፣" አለች፤ ድምፅዋ ተስፋ ማዘሉን ራሷም ሰማችው።

"አሉ፣" አሉ ፕሮፌሰሩ። "አይ። አሥር ግራም ነው ያስገባነው። ከገባው ነው የሚሰላው። ሰማንያ አንድ ብለሽ ጻፊው፤ የቀረውንም ከጎኑ ጻፊ።"

"እሺ።"

"ጻፍሽ?"

"እየጻፍኩ ነው።"

ጽፋ እስክትጨርስ አልዘጉም። ከዚያ "በይ" አሉና ዘጉት።